የተመራማሪው ቀን በማን እጅ ነው?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አባቶቻችን። በቃል የተነገረ ይካዳል፣ በጽሑፍ የሰፈረ ግን ምስክሩ ቢሞት እንኳ ጸንቶ ይኖራል ለማለት ነው። ነገር ግን ተረቱ ወረቀትን ከሞኝ ጋር በአንድ ወንበር ማስቀመጡ አለምክንያት አይመስለንም። ሞኝ የያዘውን የማይለቀው ለምን እንደያዘው ስለማያውቅ ነው። ወረቀትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ የተፈጠረ ቅጽ፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ፣ ቅጹን ያወጣው ሹምም ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ሥራውን ሳያቋርጥ ሰው ይዞ ይኖራል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ይህ የማይለቅ ወረቀት ስለያዘው አንድ ሰው ነው። እርሱም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ እንዲያስተምርና እንዲመራመር ተቀጥሮ ሳለ፣ ለምርምር ከተተወለት ሰዓት ብዙውን በማመልከቻ፣ በፊርማ፣ በማኅተም፣ በደረሰኝና በሪፖርት የሚፈጀው መምህር ነው። ነገሩ የጥቂት ሊቃውንት ብሶት ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ አልቆየንም። አብረውን ከተመረቁት መካከል ከፊሎቹ ረዳት መምህራን ሆነው ቀርተዋል፤ ከፊሎቹ በሒሳብ ክፍል፣ በግዥ ክፍልና በመዝገብ ቤት ተቀጥረዋል። ትናንት በአንድ የምግብ አዳራሽ አንድ ሰልፍ ተሰልፈው የበሉ ጓደኛሞች ዛሬ አንዱ ከጠረጴዛው በዚህ ወገን ቆሞ ይለምናል፤ ሌላው በዚያ ወገን ተቀምጦ «ፊርማ ይጎድለዋል፣ ነገ ተመለስ» ይላል። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ደመወዛቸውን የሚበሉት ከአንድ ግምጃ ቤት ነው። እንግዲህ ያጣላቸው ማን ነው? ጥያቄያችን ይህ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ለተማሪውም ለወጣቱ ሹምም የተጻፈ ነው።

ምርምር ምን ይፈልጋል?

አስቀድሞ ምርምር ራሱ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት አድዋ ወርደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ እንዶድ የበሽታውን መተላለፊያ ሊቆርጥ እንደሚችል ያስተዋለው ግን ያን ቀን በወንዙ ዳር የቆመ አንድ ተመራማሪ ነው። ከዚህ የተነሣው ሥራ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ተመራማሪ ነገሩ ባለበት ቦታ፣ ነገሩ በሚታይበት ጊዜ መገኘት አለበት። ሁለተኛው፣ ቆሞ የሚያይበት ሰፊ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ተሯሩጦ የሚያልፍ ሰው የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ይሄዳል። ሦስተኛውም፣ ያልጠበቀውን ነገር ሲያገኝ ዕቅዱን የሚለውጥበት ነጻነት ሊኖረው ይገባል። ለነዳጅ የተያዘውን ገንዘብ ለመመርመሪያ ዕቃ ለማዋል አምስት ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው፣ ያልጠበቀውን ነገር ባያገኝ ይመርጣል።

የምርምር ጊዜ እንደ እርሻ ጊዜ ነው። በሬዎቹን ጠምዶ አንድ ትልም በጨረሰ ቁጥር እየፈታ፣ እንደገና ለመጥመድ ከጎረቤት ፈቃድ የሚለምን ገበሬ ቢኖር፣ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ማሳው ግማሽ አይደርስም። የተመራማሪም ሐሳብ እንደዚሁ ነው። በጠዋት ተነሥቶ የጀመረውን ስሌት በሦስት ሰዓት ለአንድ ፊርማ ካቋረጠው፣ በአምስት ሰዓት ተመልሶ ሲቀመጥ የጠፋው ሁለት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን እንደገና ለመጥመድ የሚፈጀው ጊዜም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ጥናት የሚያልፍበት መንገድ

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የአፈር ሊቅ ጤፍ በሚዘራበት አውራጃ የገበሬዎችን ማሳ አፈር ለመመርመር አሰበ እንበል። ጤፍ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ ማዳበሪያ ሳይነካው በፊት፣ በሰኔ ወር መወሰድ አለበት። የጥናቱ ሐሳብ ተጽፎ፣ በባልደረቦች ተመርምሮ ጸደቀ። እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም ተገቢ ነው፤ ያልተመረመረ ሐሳብ ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም።

መከራው የሚጀምረው ከጸደቀ በኋላ ነው። ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለዲኑ፣ ከዲኑ ለምርምር ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያም ለሒሳብ ክፍል ደብዳቤ ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ግልባጩ ለሦስትና ለአራት ክፍል ይሄዳል። ወደ ገጠር ለመውጣት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ለክልሉ ቢሮ ይጽፋል፤ ቢሮው ለዞኑ፣ ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ይጽፋል። ተመራማሪው ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይጓዛል፤ በአንደኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በሌላው ማኅተም የሚይዙት ሰው ለቅሶ ሄደዋል።

የአፈር መያዣ ከረጢትና ጥቂት የመመርመሪያ ኬሚካል ለመግዛት ደግሞ የግዥ መጠየቂያ ይሞላል፤ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴ ተቀምጦ ያወዳድራል። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ በሞዴል 22 ደግሞ ከግምጃ ቤት ይወጣል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ከሆኑ ከረጢቱ ተቆልፎበት ይሰነብታል። መኪናና ሹፌር ለማግኘት ሌላ ቅጽ አለ፤ ለውሎ አበልና ለናፍጣ የቅድሚያ ክፍያ ለመውሰድም ሌላ ቅጽ አለ፤ ከዚህ በፊት የወሰደው ሒሳብ ካልተወራረደ አዲሱን አያገኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ ይገባል። ሰኔ 30 የመንግሥት የበጀት ዓመት ያልቃል፤ ሒሳብ ይዘጋል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል ቢባልም፣ ተደልድሎ ከየክፍሉ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ዝናቡ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም፤ ገበሬውም ሊቁን አይጠብቅም። ገንዘቡ ሲለቀቅ ማሳው ታርሷል፣ ማዳበሪያው ገብቷል፣ ጤፉ በቅሏል። ጥናቱ አንድ ዓመት ሙሉ ተላለፈ ማለት ነው። የወባ ተመራማሪም ዕጣ ከዚህ አይለይም። በብዙው የአገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ፈቃዱ በጥር የሚደርሰው ሰው የሚያገኘው የወባ ትንኝ ሳይሆን ደረቅ ኩሬ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከመስክ ከተመለሱ በኋላ የሚመጣው ነው። አፈሩን በአህያው ጭኖ መኪና እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ ያወረደ ገበሬ ደረሰኝ የለውም። መንገድ የመራ እረኛ ማኅተም የለውም። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ መቀበል አይችልም። እንግዲህ እውነተኛው ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ የሌለውን ደረሰኝ ከየትም ብሎ ያመጣል። እኛ በተማሪነታችን መጨረሻ ዓመት፣ ስሙን መጥራት ከማያስፈልገን አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ለአንድ መምህር መጠይቅ በማስሞላት አገልግለን ነበር። የተሞላው መጠይቅ በአንድ ክላሴር ገባ፤ ጥናቱን ለማስፈቀድና ሒሳቡን ለማወራረድ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ግን ሁለት ክላሴር ሞሉ። መምህሩ ለአህያ ኪራይ የከፈሉትን ከኪሳቸው ተዉት። ሕግ ሌባን ለመያዝ ወጥቶ ሐቀኛውን የሚቀጣ፣ ደካማውን ደግሞ ሐሰት የሚያስተምር ከሆነ፣ የሕጉ ዓላማ ተገልብጧል ማለት ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ከንቱ ነውን?

ይህን ስንል ወረቀቱ ሁሉ ይቃጠል ማለታችን አይደለም። ከደንቦቹ መካከል በብዙ ሰው ሥቃይ የተገኙ አሉ። በአሜሪካ አገር በአላባማ፣ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት በቂጥኝ የተያዙ ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያንን በሽታው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብቻ ሲከታተል ኖረ፤ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ እንዲታከሙ አልተደረገም። ዛሬ ሰውን የሚመለከት ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመልከተው የሚባለው እንዲህ ያለ ግፍ በመታየቱ ነው። ይህን ፈቃድ የሚጠላ ተመራማሪ ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም።

የራሳችንም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ፣ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በአውሮፓ በፓተንት አስመዘገበ። ፓተንቱ ዋጋ የለውም ተብሎ በሆላንድ ፍርድ ቤት የተፈረደው ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2018 ነው። ዘርና ቅጠል ከአገር ሲወጣ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሲነበብ ይህን የመሰለውን ነገር ማስታወስ ይገባል። የመንግሥት ግዥም ቢሆን ሕግ ያስፈልገዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 የሚጠብቁት ገንዘብ ገበሬው፣ ነጋዴውና ደመወዝተኛው የከፈለው ግብር ነው።

ስለዚህ ክርክሩ በወረቀትና በነጻነት መካከል አይደለም። ክርክሩ ምክንያቱን በሚያውቅ ወረቀትና ምክንያቱን በረሳ ወረቀት መካከል ነው። አንድ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር ሦስት ኮሚቴ ቢያየው አይበዛም፤ ሁለት ጥቅል የአፈር ከረጢት ሲገዛ ግን ሦስት ኮሚቴ ቢያየው ለከረጢቱ ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ለተሰብሳቢዎቹ ሰዓት የወጣው ደመወዝ ይበልጣል።

ታዲያ ምክንያቱን የረሳ ወረቀት እንዴት በዛ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ነው። አንድ ቦታ አንድ ሰው ይሰርቃል፤ ሌባው ይቀጣል ወይም ያመልጣል፤ ለሺው ንጹሕ ሰው ግን አንድ አዲስ ቅጽ ይወጣለታል። ሌባው ቀድሞውኑ ቅጽ መሙላት የሚያውቅ ነውና አዲሱንም አሳምሮ ይሞላል። በዚህ ላይ የሹሙ ፍርሃት ይጨመራል። ፊርማ የጨመረ ሹም «ጥንቁቅ ነው» ይባላል፤ ፊርማ የቀነሰ ግን አንድ ነገር የጠፋ ቀን ብቻውን ይጠየቃል። ጥናቱ አንድ ዓመት በመዘግየቱ የተጠየቀ ሹም አይተን አናውቅም። ኦዲተሩ የጠፋውን ብር ይቆጥራል፤ የጠፋውን ቀን የሚቆጥር ኦዲተር የለም። የወጣቱን ጓደኛችንን እጅ የሚያስረው ስንፍና ሳይሆን ይህ ሚዛን መጉደሉ ነው።

ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን የባሕር ኃይል በምሳሌ አቅርቦ ነበር። ከ1914 እስከ 1928 ድረስ በሥራ ላይ የነበሩት ታላላቅ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ፣ የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 አደጉ። መርከቡ ሲያንስ ስለ መርከብ የሚጻጻፈው በዛ ማለት ነው። በእኛም አገር ሥራን ለማቀላጠፍ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ካይዘን መጣ። የሁሉም ዓላማ የሥራውን መንገድ ማሳጠር ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሲመጣ የየራሱን የዕቅድና የሪፖርት ቅጽ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ቅጹ በኮምፒዩተር ይሞላል፣ ከዚያ ታትሞ ይፈረማል፣ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል።

በሌላው አገርስ?

በሽታው የእኛ ብቻ ነው ብሎ አንገት መድፋት አያስፈልግም። በአሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ ምርምር የሚመሩ መምህራን ስለ ጊዜያቸው በ2005 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ሲጠየቁ፣ ለምርምሩ ከመደቡት ጊዜ 42 በመቶው በአስተዳደር ጉዳይ እንደሚያልፍ ገመቱ፤ በ2018 እንደገና ሲጠየቁ ወደ 44 በመቶ ከፍ አለ። በአውስትራሊያ ለጤናና ለሕክምና ምርምር ገንዘብ ለማግኘት በ2012 የቀረቡትን 3,727 ማመልከቻዎች ለማዘጋጀት የፈጀው ጊዜ ተደምሮ ወደ 550 የሥራ ዓመታት እንደሚሆን ተገመተ። ገንዘቡን ያገኙት ግን ከማመልከቻዎቹ 20.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሊዮ ዚላርድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በጻፈውና በ1961 በመጽሐፍ ባወጣው አንድ የቀልድ ታሪክ ውስጥ፣ የሳይንስን እርምጃ ማዘግየት ለሚፈልግ ባለጸጋ ምክር ይሰጠዋል። ምክሩ ላቦራቶሪ ዝጋ የሚል አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ያለው የምርምር ድርጅት አቋቁም የሚል ነው። ታላላቆቹ ሊቃውንት ኮሚቴ ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ ይመረምራሉ፣ የቀሩት ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ እንደዚህ ሆኖ ሳይንስ በራሱ ይደርቃል።

እነዚያ አገሮች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 አምስት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምተው፣ ቀድሞ ከላይ ፈቃድ ይጠየቅባቸው የነበሩትን አነስተኛ የበጀት ለውጦች ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲወስን በሙከራ ፈቀዱ። ሙከራው ከፍሎሪዳ አልፎ ወደ ሌሎችም ተስፋፋ። በብሪታንያም ፕሮፌሰር አዳም ቲክል የመሩት ጥናት በ2022 ሲወጣ፣ ሸክሙ ከብዙ ምንጭ ተጠራቅሞ የመጣ መሆኑን ገልጾ፣ ተመጣጣኝነትንና ማቃለልን ከሰባቱ መመሪያዎቹ ውስጥ አስገባ። ሆኖም የአሜሪካው 42 በመቶ ተሻሽሎ ሳይሆን ብሶበት መገኘቱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ወረቀት አንድ ጊዜ ታጭዶ የሚተው ነገር አይደለም፤ እንደ አረም በየዓመቱ ካልታረመ ተመልሶ ይበቅላል።

በእኛና በእነርሱ መካከል ደግሞ ትልቅ ልዩነት አለ። በእነርሱ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምርን ሒሳብና ውል የሚከታተል፣ ለዚሁ የሠለጠነ ሠራተኛ አለ። የእኛ ተመራማሪ ግን ሐሳብ አፍላቂም፣ ጸሐፊም፣ ተላላኪም፣ ገዥም፣ ሒሳብ አወራራጅም ራሱ ነው። ለሐኪም የተከፈለ ደመወዝ ዶሴ በማመላለስ ሲያልቅ፣ የተጎዳው ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛውም ነው።

ምን ይደረግ?

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ለዚህ ነገር በር ከፍቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ በመሆን የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝነት ማለት ግን ከሌላ መሥሪያ ቤት ይመጣ የነበረውን ቅጽ በራስ ማኅተም ማተም ማለት እንዳይሆን ያሰጋናል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለትንሽ ገንዘብ ትንሽ ወረቀት ይበቃዋል። ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ወጪ ተመራማሪው በራሱ ፊርማና ኃላፊነት ያውጣ። ደረሰኝ በማይገኝበት ገጠር፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ጣቱን ያተመበትና ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይብቃ።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተጠየቀ ነገር ሁለተኛ አይጠየቅ። የትምህርት ማስረጃና የሥራ ታሪክ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ውስጥ እያለ፣ ባለቤቱ በየማመልከቻው ፎቶ ኮፒ አድርጎ እንዲያመጣ ማድረግ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ለሌላ ማሸከም ነው። የትብብር ደብዳቤም ከክልል እስከ ቀበሌ የሚያገለግል አንድ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ፊርማ የቀን ገደብ ይኑር። ዶሴው በገባበትና በወጣበት ቀን ይመዝገብ። የሰውን ጤንነት፣ የአገርን ዘርና ደኅንነትን በማይነካ ጉዳይ ቀኑ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ቀን መቆጠር ሲጀምር፣ የዘገየበት ቦታ ያለ ስድብና ያለ ሐሜት ራሱ ይታወቃል።

አራተኛ፣ የምርምር ገንዘብ ሰኔ 30 አይሙት። ለሦስት ዓመት የጸደቀ ጥናት ለሦስት ዓመት የሚኖር ሒሳብ ይከፈትለት። ኦዲተሩ በጥናቱ መጨረሻ ሁሉንም ይይ፤ ዝናቡና ሒሳቡ ግን አይጋጩ።

አምስተኛ፣ በየኮሌጁ የምርምር ጉዳይ ጸሐፊ ይመደብ። ይህ ሰው የግዥን ሕግ፣ የሒሳብን ደንብና የሥነ ምግባርን መመሪያ የተማረ፣ ተመራማሪውን ወክሎ የሚከታተል፣ ሥራው ሲቃናም አብሮ የሚመሰገን ይሁን። ዛሬ «ነገ ተመለስ» በማለት የሚታወቀው ወጣት ሹም እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጠው፣ የጥናቱ ጠላት ሳይሆን ባለቤት ይሆናል።

ስድስተኛ፣ ቅጽም እንደ ሰው የጡረታ ዕድሜ ይኑረው። አዲስ ቅጽ ሲወጣ ለምን እንደወጣ በራሱ ላይ ይጻፍ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምክንያቱ ተመርምሮ ካልታደሰ በራሱ ይሰረዝ።

ይህን ሲሰሙ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚሉ አይጠፉም። ቁጥጥሩ ከላላ ገንዘብ ይበላል ይላሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አንልም። ከተመራማሪዎቻችን መካከል ጥናትን ለውሎ አበል ብቻ የሚሹ፣ ከመስክ ተመልሰው ውጤቱን በመሳቢያ ቆልፈው የሚያስቀምጡ መኖራቸውን የማያውቅ የለም። ለእነርሱ የምንመክረው መድኃኒት ግን ሌላ ነው። ከሥራው በፊት ሁሉንም ከመጠርጠር ይልቅ፣ ከሥራው በኋላ ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥቶ አጥብቆ መመርመር፤ ያጭበረበረ ሲገኝም ለዘለዓለም ከምርምር ገንዘብ ማገድ ይሻላል። ገንፎውን ስንጥር ፍለጋ ሲያማስሉት ውለው ቢያቀዘቅዙት የሚጎዳው ተመጋቢው ነው። ተመራማሪውም በበኩሉ ነጻነት ሲሰጠው ውጤቱን በጊዜው የማውጣት፣ ለገበሬውም ሆነ ለተጠናበት ሕዝብ መልሶ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ይወቅ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከ40 በሚበልጡት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አድርጉ አንልም። አንድ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ይሞክረው፤ ከመሞከሩ በፊትና በኋላ አንድ ዶሴ ስንት ቀን እንደፈጀ ይቆጠር። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ሐሳባችን ይጣል።

የተመራማሪው ቀን በማን እጅ ነው ብለን ጠይቀን ነበር። በአዋጅ እጅ ያለው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው በየጠረጴዛው ላይ ባሉት በጓደኞቻችን እጅ ነው። እናንተ በዚህ ዓመት ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ነገ በእጃችሁ የምትይዙትን ቅጽ ከመዘርጋታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፤ የወጣኸው ለምንድን ነው? ብትቀርስ ማን ይጎዳል? ሁለቱንም የሚመልስ ቅጽ ይከበር፣ ማኅተሙም ሳይውል ሳያድር ይመታለት። መልስ ያጣውን ቅጽ ግን ወደ አለቃችሁ ይዛችሁ ግቡና ለምን እንደማያስፈልግ በድፍረት አስረዱ። ይህን ስታደርጉ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃውን የሚመለከት አንድ ሰው ባለዕዳችሁ ይሆናል፤ እርሱ ከሚያገኘው ነገር የሚጠቀመው ሕዝብም እንዲሁ።